ውሃ ውስጥ መተንፈስ፦ የረግረግ ዕፅዋትና ከእነሱ የተቀዳ ጥበብ

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)



በክረምት ማሳ ላይ ውሃ ሲተኛ ስንዴው ቢጫ ይሆናል፤ ባቄላው ይጠወልጋል፤ ሰንበት ሲል ደግሞ ከሥሩ ይበሰብሳል። ገበሬው «ውሃ ገደለው» ይላል፤ አልተሳሳተም። ነገር ግን ሰብል ያለ ውሃ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ውሃ ሲበዛ የሚገድለው በምን በኩል ነው? ከማሳው ዝቅ ብሎ ባለው ረግረግ ውስጥስ ቄጤማው፣ ፊላውና ሸምበቆው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው እንዴት ይለመልማሉ? ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። እግረ መንገዳችንንም እነዚህ ዕፅዋት ኑሯቸውን ካሸነፉበት ዘዴ ሰዎች ጀልባ፣ የግድግዳ ቀለም፣ የመርከብ ልባስና የፍሳሽ ማጣሪያ እንዴት እንዳገኙ እናያለን።

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ተክሉን የሚገድለው የአየር እጦት ነው።

የተክል ሥር ይተነፍሳል። ውሃና ማዕድን ከአፈር ስቦ ወደ ላይ ለመላክ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ቅጠሉ የላከለትን ስኳር በኦክስጅን አቃጥሎ ነው። ደህና ተደርጎ በታረሰ አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት ስላለ አየር እንደ ልቡ ይገባል። ዝናቡ ሲበረታ ግን ክፍተቶቹ ውሃ ይሞላቸዋል። ኦክስጅን በቆመ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት ወደ 10,000 ጊዜ በሚጠጋ ዝግታ ነው። የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ብዙም ሳይቆዩ አሟጠው ይጨርሷታል። ከዚያ በኋላ ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉ ሌሎች ተሕዋስያን ተራውን ይይዛሉ፤ እነሱም ብረቱን፣ ማንጋኒዙንና ድኙን እየለወጡ ሥርን የሚመርዝ ነገር ያመነጫሉ። ረግረግ ስንረግጥ ከጭቃው ብቅ የሚለው ያ የገማ እንቁላል ሽታ የእነሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ውሃ የተኛበት ስንዴ መጀመሪያ ይታፈናል፤ ቀጥሎ ይመረዛል። ሥሩ ጉልበት ስላጣ በዙሪያው ያለውን ውሃ እንኳ መሳብ ያቅተዋል። ባቄላ ውሃ ውስጥ ቆሞ ልክ ድርቅ እንደመታው የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

ረግረግ ውስጥ የሚኖር ተክል እንግዲህ ከአፈሩ አየር አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ሊያደርግ አይችልም። ያለው ምርጫ አየሩን ከላይ፣ በቅጠሉና በግንዱ በኩል፣ በራሱ አካል ውስጥ አሳልፎ ወደ ሥሩ ማውረድ ነው።

ይህን መተላለፊያ እቤታችሁ ሆናችሁ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለበዓል ወይም ለቡና ከምትጎዘጉዙት ቄጤማ ውስጥ አንዱን ወፈር ያለ ግንድ ምዘዙ። በጣቶቻችሁ መካከል ስታሽከረክሩት ክብ አለመሆኑ ይታወቃችኋል፤ ሦስት ማዕዘን ነው። በምላጭ አግድም ቁረጡትና ቁራጩን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። ከውጭ ቀጭን፣ ጠንካራ አረንጓዴ ልጥ አለ። ከውስጥ ያለው ነጭ፣ ለስላሳና በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የተቆረጠውን ጫፍ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ግንዱን ከላይ ወደ ታች ጨመቅ ጨመቅ ብታደርጉት አረፋ ይወጣል። ያ አረፋ ተክሉ ለሥሩ ያኖረው አየር ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ይህን አየር ያዥ አካል ኤረንካይማ ይሉታል።

የፊላ ቅጠል ደግሞ ከዚህም ይበልጥ የተራቀቀ ነው። ቅጠሉ ከታች እስከ ላይ ጎን ለጎን በተደረደሩ ረጃጅም ክፍሎች የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ክፍል በየመሃሉ የሚያግዱ ቀጫጭን ግድግዳዎች አሉት። ግድግዳዎቹን የሚሠሯቸው ሕዋሳት ኮከብ ቅርጽ ስላላቸው በክንዶቻቸው መካከል ክፍተት ይቀራል። በክፍተቱ አየር ያልፋል፤ ውሃ ግን አያልፍም። ከብት ግጦት ወይም ንፋስ ሰብሮት ውሃ ቢገባበት የሚጥለቀለቀው የተሰበረው ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረው ይድናል። የመርከብ መሐንዲሶችም የመርከብን ሆድ በግድግዳ የሚከፋፍሉት ለዚሁ ነው። ይህን ያደረጉት ፊላን አይተው ነው ማለቴ አይደለም። ተመሳሳይ አደጋ ተመሳሳይ መፍትሔ ወልዷል ማለት ብቻ ነው። እነዚያው ግድግዳዎች ሌላም ጥቅም አላቸው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀጭን ቅጠል ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያደርጋሉ። በጥቂት ቁስ ብዙ ጥንካሬ የተገኘው ባዶው ቦታ በሥርዓት ስለተደለደለ ነው።

ባዶው ቦታ እንዴት ይፈጠራል? አንዳንዱ ተክል ከማደጉ ጀምሮ ሕዋሳቱን እያራራቀ ያበጀዋል። ሌላው ግን ጎርፉ ሲመጣ ነው የሚከፍተው። ሙዝ ሲበስል የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ አለ፤ ይህን ጋዝ ዕፅዋት ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ያመነጫሉ። በአዘቦቱ ጋዙ ከሥሩ ወጥቶ ይበተናል። ሥሩ በውሃ ሲከበብ ግን መውጫ ያጣና እዚያው ይጠራቀማል። ተክሉ ጎርፍ መምጣቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ወዲያው በሥሩ ውስጥ የተወሰኑ ሕዋሳት እንዲሞቱ ትእዛዝ ይተላለፋል፤ እነሱ በሞቱበት ቦታም የአየር መንገድ ይከፈታል። በቆሎ እንኳ ይህን በመጠኑ ያደርጋል። ጤፋችን ደግሞ ውሃ በሚቋጥረው ጥቁር አፈር ላይ ከስንዴና ከገብስ የተሻለ እንደሚችል ገበሬዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የሚዘሩበትን ቦታና ጊዜ የሚመርጡትም ይህንኑ ይዘው ነው።

አየሩ በእነዚህ መንገዶች የሚወርደው ዝም ብሎ በመሰራጨት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ጆን ዴሲ የተባለ ተመራማሪ ቢጫ አበባ ያላትን የውሃ ሊሊ ሲያጠና በተክሏ ውስጥ ንፋስ እንደሚነፍስ አረጋገጠ። ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ላይ የተንሳፈፉት ወጣት ቅጠሎች ይሞቃሉ፤ በሙቀቱና በእርጥበቱ ልዩነት አየር ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ግፊቱም አየሩን በቅጠሉ አገዳ በኩል ጭቃ ውስጥ እስካለው ወፍራም ግንድ ድረስ ይነዳዋል። ከዚያ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ የእነሱ ቀዳዳ ከእርጅና የተነሣ ሰፍቷልና ግፊት አይይዝም። በአንድ ቅጠል አገዳ ውስጥ በቀን እስከ 22 ሊትር አየር ሲያልፍ ተለክቷል። ሞተር የለ፣ ማራገቢያ የለ፤ ፀሐይ ብቻ! ሸምበቆም የራሱ ዘዴ አለው። ያለፈው ዓመት የደረቀና የተሰበረ አገዳው ላይ ንፋስ ሲያልፍበት ከውስጡ አየር ይመጥጣል፤ በሌላ በኩል አዲስ አየር ይገባል። ሸምበቆ ውስጥ የቆመ ደረቅ አገዳ የሞተ ቢመስልም ሥራ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከሁሉም በላይ በስፋት ልናገርለት የምፈልገው ደንገል ነው።

ደንገል የቄጤማ ዘመድ ነው። ያው ሦስት ማዕዘን ግንድ፣ ያው ጠንካራ ልጥ፣ ያው አየር የሞላው ነጭ ሆድ አለው፤ ቁመቱ ግን 4 እና 5 ሜትር ይደርሳል። ግንዱ ላይ ቅጠል አይታይም፤ የፀሐይ ብርሃን የሚቀበለው ጫፉ ላይ በተበተኑት ቀጫጭን አረንጓዴ ዘንጎችና በራሱ በግንዱ ልጥ ነው። አግድም የሚሄደው ወፍራም ሥር መሰል ግንዱ በጭቃው ውስጥ ሊተከል ይችላል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጠላልፎ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ምንጣፍ ሊሆንም ይችላል። የሐይቁ ውሃ ሲሞላ ምንጣፉ አብሮ ከፍ ይላል፤ ሲጎድል አብሮ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ተክል ጎርፍ በምን ይይዘዋል?

የጣና ዳርቻ ሰዎች፣ በተለይም በደንገል ሥራ የሚታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ ይህን የደንገል ባሕርይ ከማንም ቀድመው ተረድተውታል። ታንኳ የዚህ ዕውቀት ውጤት ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ተጠፍሮ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ተያይዘው ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ይላል። ሳንቃም ሚስማርም የለበትም።

ታንኳን ከሳንቃ ጀልባ ጋር አስተያዩት። የሳንቃ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃ እንዳይገባ አጥሮ ስለያዘ ነው፤ አንድ ቦታ ከተቀደደ ውሃው ይገባና ይሰጥማል። ታንኳ ግን ውሃ የሚያጥርበት ሆድ የለውም። ውሃው በዘንጎቹ መካከል ገብቶ ይወጣል፤ ጀልባውን ተሸክሞ የያዘው በእያንዳንዱ ዘንግ ውስጥ ያለው አየር ነው። ደንገል ሥሩን ለማስተንፈስ ያበጀው ባዶ ቦታ እዚህ ሰውና ዕቃ ይሸከማል ማለት ነው። ለባሕር ዳር ገበያ ማገዶ ጭኖ የሚመጣው ታንኳ የተጫነው በአየር ላይ ነው። ድካሙም ከዚሁ ይመጣል። ዘንጎቹ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣሉ፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከጉዞ መልስ ታንኳውን ወደ ዳር ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በኋላ ከብዶ ያረጃል፤ ሌላ ይሠራል። አሮጌው በስብሶ ወደ አፈር ይመለሳል፤ ለአዲሱ የሚሆነው ደግሞ ዳር ላይ በቅሎ ይጠብቃል። በዘመናችን መሐንዲሶች ቆሻሻ የማይተርፈው ዕቃ ለመሥራት ብዙ ይደክማሉ። በጣና ላይ እንዲህ ያለው ዕቃ ለብዙ ትውልድ ሲሠራበት ኖሯል።

ይህ ተክልና ይህ ጥበብ አንድ ጊዜ የዓለምን ዓይን ስበው ነበር። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክ ውቅያኖስን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር በተግባር ለማሳየት ተነሣ። በግብፅ ደንገሉ ከጠፋ ቆይቶ ነበር፤ ስለዚህ ከጣና ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ወደ ግብፅ ተጓዘ። እዚያ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሰሩ። ደንገል በባሕር ውሃ ሁለት ሳምንት አይቆይም ያሉ ጥቂት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ራ ከሞሮኮው የሳፊ ወደብ ተነሣች፤ ሁለት ሳምንቱን አልፋ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘች። በመጨረሻ ግን ባርቤዶስ ለመድረስ ጥቂት ቀናት ሲቀራት ተጓዦቹ ትተዋት ወደ ሌላ መርከብ ለመዛወር ተገደዱ።

ራን ለዚህ ያበቃት ደንገሉ አልነበረም። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ከጀልባው የኋላ ጫፍ ወደ መሃል የተወጠረ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹ ጥቅሙ አልታያቸውምና ተዉት። የኋላው ክፍል በማዕበሉ እየተመታ ዝቅ አለ፤ ነዶዎቹም ተፈቱ። ገመዱ ለጌጥ አልነበረም፤ የጀልባዋን ጀርባ ወጥሮ የሚይዝና ከመዝቀጥ የሚያድን ነበር። በዓመቱ በ1970 ከቦሊቪያው ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ባለሙያዎች፣ እነሱም በአገራቸው በውሃ ሣር ጀልባ የሚሠሩ፣ ራ ሁለትን በራሳቸው አስተሳሰር ሠሩ። ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነው። ራ ሁለት በ57 ቀናት ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ ከተማ በኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ትታያለች።

ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር አብሮ የሚያሳስበኝ አለ። በጣና ዙሪያ የደንገሉ ይዞታ እየጠበበ ነው። ዳርቻው ይታረሳል፤ ከብት ይግጠዋል፤ የሐይቁ የውሃ መጠንም እንደ ቀድሞው በራሱ ጊዜ አይሞላም፣ አይጎድልም። ደንገሉ ሲጠፋ የሚጎዳው ታንኳው ብቻ አይደለም፤ ዓሣው የሚራባበት፣ ወፉ ጎጆ የሚሠራበት፣ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው አፈር የሚጣራበት ቦታም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ የተባለ ተንሳፋፊ አረም አለ። የእምቦጭም ኃይል ያው አየር ነው፤ የቅጠሉ አገዳ አብጦ በአየር የተሞላ ስለሆነ በየትኛውም ጥልቀት ላይ ይንሳፈፋል፤ ንፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እዚያ የሚበሉት ነፍሳት አሉት፤ እኛ ጋ ግን ያለ ጠላት መጣ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሰብል እንመለስ። ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት በርብና በጉማራ ወንዞች ሙላት ይጥለቀለቃል። ድሮ ስሙ የሚነሣው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ከብት ረግረግ የለመደ ዝርያ ነው። ዛሬ ደግሞ ሜዳው የሩዝ አገር ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ገበሬው ሩዙን ሲያነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል። ስንዴ የማይችለውን ውሃ ሩዝ የሚችለው ኤረንካይማው ስለተደራጀ ነው። ሆኖም አብዛኛው ሩዝም ቢሆን አናቱ ድረስ ተውጦ ከቆየ አይተርፍም፤ የውሃ ወለል ላይ የሚወጣ አየር መቀበያ ያጣልና።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ የሩዝ ዘዴዎች አሉ። በባንግላዴሽና በታይላንድ ውሃው ለወራት በሚቆይባቸው ቦታዎች የሚበቅለው የጥልቅ ውሃ ሩዝ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ይረዝማል፤ በአንድ ቀን እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። የጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን የሚያዙ ዘረመሎችን እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቀው፣ ዋናተኞች በሚተነፍሱበት ቱቦ ስም «ስኖርክል» ብለዋቸዋል። በሕንድ ኦዲሻ ግዛት የተገኘ አንድ ነባር ዘር ግን የዚህን ግልባጭ ያደርጋል። ጎርፉ ሲውጠው ማደጉን ያቆማል፤ ስኳሩን ይቆጥባል፤ ውሃው እስኪሄድ ይጠብቃል። ይህን ባሕርይ የሚያዘው ዘረመል፣ ሰብ 1ኤ የተባለው፣ በ2006 ታወቀ። በፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ዘረመሉን በማዳቀል ስዋርና ወደተባለው ተወዳጅ የሕንድ ዘር አስገባው፤ አዲሱ ዘር ከ2009 ጀምሮ ለገበሬዎች ደረሰ። ሁለት ሳምንት ያህል ተውጦ ቆይቶ ውሃው ሲሸሽ እንደገና ያቆጠቁጣል።

እኔን በጣም የሚያስገርመኝ ሁለቱንም የሚቀሰቅሰው ያው ኤትሊን መሆኑ ነው። የሁለቱም ዘረመሎች ቤተሰብ አንድ ነው። አንዱ ምልክቱን ሲሰማ «ርዘም» ይላል፤ ሌላው «ታገሥ» ይላል። የቱ ትክክል ነው ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ጎርፉ የሚቆየው ወራት ከሆነ መርዘም ያድናል፤ ቀናት ከሆነ ግን የረዘመው ተክል ጉልበቱን ጨርሶ ውሃው ሲወርድ ይወድቃል። በወንዝ ዳር ቤት ወይም ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስም መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ውሃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ብቻ ሳይሆን ስንት ቀን እንደሚቆይ ነው።

ሩዝ ሲዋጥ ሌላም ነገር ይታያል፤ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ እያለ ያብለጨልጫል። የሚያብለጨልጨው ቅጠሉን የሸፈነው ስስ አየር ነው። ቅጠሉ ውሃ ስለማያርሰው አየሩ ተጣብቆ ይቀራል፤ በዚያ አየር በኩልም ጋዝ መለዋወጡን ይቀጥላል።

ይህን ባሕርይ ከሁሉ በተሻለ ማየት የሚቻለው በጎደሬ ቅጠል ላይ ነው። ጎደሬ በሚበቅልበት አካባቢ ያላችሁ አድማጮች ቅጠሉ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጠብታው አይዘረጋም፤ ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል፤ መንገዱ ላይ ያገኘውን አቧራ ሁሉ ጠርጎ ይወርዳል። ሲያልፍ የነካው ቦታ ደረቅ ነው። ድሮ ንጹሕ ሆኖ የሚቆይ ነገር የለሰለሰ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በጀርመን ቦን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ባርትሎት ግን ቅጠሎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር የተገላቢጦሹን አገኘ፤ ቆሻሻ የማይዛቸው ቅጠሎች ሻካራ ነበሩ። ገጻቸው በጥቃቅን ጉብታዎች የተሞላ፣ ጉብታዎቹም በሰም ቅንጣቶች የተሸፈኑ ናቸው። ጠብታው የሚያርፈው በጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ብቻ ሲሆን ከሥሩ አየር ይቀራል። ባርትሎትና ክሪስቶፍ ናይንሁይስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ለምሳሌነት ያጎሉት የእስያውን የረግረግ ተክል ሎተስን ነው፤ ጎደሬም ግን ካጠኗቸው ዕፅዋት አንዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በጀርመን ዝናብ ራሱ የሚያጥበው የውጭ ግድግዳ ቀለም «ሎቱሳን» በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ።

ባርትሎትና ባልደረቦቹ በዚያ አላቆሙም። ሳልቪኒያ የተባለች ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ፈርን አለች። ቅጠሏ በጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው፤ የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ አራት ሆኖ ተከፍሎ እንደገና ይገናኛል፤ የእንቁላል መምቻ ይመስላል። ፀጉሮቹ በሙሉ ውሃን ይገፋሉ፤ ጫፎቻቸው ብቻ ግን ውሃን ይስባሉ። ውሃ የሚገፋ ተክል ጫፉ ላይ ውሃ የሚስበው ለምንድን ነው? ምሥጢሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ጫፎቹ ውሃውን ይዘው ስለሚያስቀሩት በሥሩ ያለው አየር አረፋ ሆኖ ለማምለጥ መንገድ ያጣል፤ ተክሏ ተዘፍቃ ብትቆይ እንኳ አየሯ ለሳምንታት ይቆያል። መርከብ ነዳጁን በብዛት የሚጨርሰው ከውሃው ጋር በሚያደርገው ሰበቃ ነው። በመርከቡ ሆድና በውሃው መካከል ስስ አየር ማስቀመጥ ቢቻል ሰበቃው ይቀንሳል። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው ኤርኮት የተሰኘ ፕሮጀክት ከሳልቪኒያ ተቀድቶ በመርከብ ላይ የሚለጠፍ ልባስ ሲሠራና ሲሞክር ቆይቷል።

ከተፈጥሮ ተቀዳ የሚባል ነገር ሁሉ እንዲህ በቀጥታ የተቀዳ አይደለም፤ ስለዚህ ጠንቀቅ ማለት ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ለዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ የቆመው የመስታወት አዳራሽ ነው። ነዳፊው ጆሴፍ ፓክስተን በሙያው አትክልተኛ ነበር። በ1849 የአማዞኗን ግዙፍ የውሃ ሊሊ፣ ቪክቶሪያን፣ በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ እንድታብብ አድርጓት ነበር። የቪክቶሪያ ቅጠል ስስ ነው፤ ግን ከሥሩ ከመሃል ወደ ዳር እየተዘረጉ በአግድም የተያያዙ ወፋፍራም ዘንጎች ይደግፉታል፤ ፓክስተን ትንሿን ልጁን አቁሞበት ተሸክሟታል። ስለ ሕንፃው ሲያስረዳም ቅጠሉን ጠቅሶ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ግን ከቅጠሉ የወሰደው መልኩን ሳይሆን ሐሳቡን ነው፤ ስስ ነገር በትክክለኛው ቦታ ከተደገፈ ሰፊ ቦታ መሸፈን ይችላል የሚለውን።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ለኛ የሚቀርበው ነው። ከረግረግ አንድ ፊላ ወይም ሩዝ ከነሥሩ ነቅላችሁ ጭቃውን በቀስታ አጥቡት። ጭቃው ጥቁር ነው፤ ሥሩ ላይ ግን ዝገት የመሰለ ቀይ ቡናማ ቀለም ታያላችሁ። እውነትም ዝገት ነው። ተክሉ ወደ ሥሩ ካወረደው ኦክስጅን ጥቂቱ በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ ጭቃው ይወጣል፤ በዚያ ያለውን የሟሟ ብረት ያዝገዋል፤ መርዛማውንም ነገር ያከሽፋል። ከጫፉ ከፍ ያለው የሥር ክፍል አየር እንዳያባክን በማይሰርግ ልባስ ይሸፈናል። በሥሩ ዙሪያ እንግዲህ ኦክስጅን ያለው ቀጭን ክልል፣ ከእሱ ራቅ ሲል ደግሞ ኦክስጅን የሌለው ክልል ይፈጠራል። ሁለት ዓይነት ተሕዋስያን በሚሊ ሜትሮች ርቀት ጎን ለጎን ይሠራሉ ማለት ነው። በፍሳሽ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለማስወገድ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ አየር የሚፈልጉት ይለውጡታል፤ ቀጥሎ አየር የማይፈልጉት ወደ ጋዝ ቀይረው ያስወጡታል።

ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ኬቴ ዛይደል ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይህን ወደ ሥራ ለወጠችው። ውሃ በማያሰርግ ጉድጓድ ውስጥ ጠጠር ይሞላል፤ በጠጠሩ ላይ ሸምበቆ ወይም ፊላ ይተከላል፤ ፍሳሹ በአንድ ዳር ገብቶ በጠጠሩና በሥሩ መካከል ቀስ ብሎ አልፎ በሌላው ዳር ተጣርቶ ይወጣል። ሰው ሠራሽ ረግረግ ይባላል። መብራት ሳያስፈልገው ይሠራል። ውሃው ከጠጠሩ ገጽ በታች ስለሚሄድ ሽታ አይወጣም፤ ትንኝም አይራባበትም። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ሞክረውታል።

ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለሆቴል ይህን ለማሠራት የምታስቡ ካላችሁ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ፍሳሹ ወደ ጠጠሩ ከመግባቱ በፊት ደለሉ በገንዳ ውስጥ መዝቀጥ አለበት፤ ካልሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠጠሩ ይደፈናል። ሁለተኛ፣ ቦታ ይፈልጋል፤ በአውሮፓ ለአንድ ሰው 5 ካሬ ሜትር ያህል ይታሰባል፤ ሙቀት ባለበት ቆላ ተሕዋስያኑ ፈጥነው ስለሚሠሩ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ሦስተኛ፣ የሚተከለው በአካባቢያችሁ ወንዝ ዳር የሚበቅለው ፊላ፣ ሸምበቆ ወይም ደንገል ይሁን። በምንም ምክንያት እምቦጭ አትትከሉበት፤ አንድ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዝ ካስገባው መመለሻ የለውም።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)